እውነት ወይስ ተረት? «ፕሌይሊስቱን ላክልኝ፣ ዘፈኖቹ ስልኬ ላይ ይግቡ»

ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ጓደኛሞች በአንድ የሙዚቃ አፕ ላይ የጋራ ፕሌይሊስት ሊከፍቱ ሲነሱ አንዱ «በቃ ላክልኝ፣ ዘፈኖቹ ስልኬ ላይ ይግቡ» ይላል። ሁለተኛው «ሃምሳ ዘፈን? ፓኬጄን ጥርግ አድርጎ ሊበላው ነው» ብሎ ይሰጋል። ሦስተኛው ደግሞ «የዘፋኙን ላብ መስረቅ አይሆንብንም?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ግን ፕሌይሊስት መላክ ዘፈን መላክ መስሏቸዋል። አይደለም። ደብረ ወርቅም ሆነ ቢቸና፣ ሞጣም ሆነ አዲስ አበባ፣ በጋራ ፕሌይሊስት ዙሪያ የሚነገረው ስሕተት ሁሉ ሲመዘዝ መጨረሻው ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሰው ፕሌይሊስትን የዘፈን መያዣ አድርጎ ያስበዋል። እውነቱ ግን ፕሌይሊስት የስም ዝርዝር ነው። በስፖቲፋይ ወይም በዩቲዩብ አንድን ዘፈን ወደ ፕሌይሊስት ስትጨምሩ ድምፁ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። አፑ የሚመዘግበው የዚያን ዘፈን መለያና በስንተኛ ተራ እንደተቀመጠ ነው፤ ዝርዝሩ የጋራ ከሆነ ማን እንደጨመረውም ይይዛል። ድምፁ ያለው ኩባንያው በሚጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ ማጫወቻውን የነካ ሁሉ ከዚያ ወደየራሱ ስልክ ይስባል። እንደ ሠርግ የጥሪ ዝርዝር ቁጠሩት፤ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ስላለ እንግዶቹ ጓዳችሁ ገብተዋል ማለት አይደለም።

ታዲያ ተረቱ ለምን እንዲህ ሥር ሰደደ? ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እኛ አገር ዘፈን ለብዙ ዘመን የሚጨበጥ ዕቃ ሆኖ ስለኖረ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ሲያቋቁም ዘፈን ማለት ሸክላ ነበር። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ ሸክላ ማጫወቻ ባልደረሰበት ብዙ ቤት ቴፕ ገባ። ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ተከተሉ። በየወረዳው ከተማ ዘፈን መጫን እንጀራ ሆነ፤ ሚሞሪያችሁን ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ከኮምፒውተሩ መርጦ ይሞላላችኋል፣ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ የተጓዘ ሰውም የሾፌሩን ፍላሽ ሳይወድ በግዱ ሲሰማ ኖሯል። ፍላሹ ከተነቀለ ዘፈን የለም። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው «ላክልኝ» ሲል የሚጨበጥ ነገር ቢጠብቅ ምን ይገርማል?

በዚያ ላይ ቴሌግራም አለ። «ቴሌግራም ላይ ዘፈን ስትልክልኝ ይገባልኛል፤ ይኼኛው ለምን አይገባም?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚላከው የድምፅ ፋይሉ ራሱ ነው። ካወረዳችሁት ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል፤ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ለሌላ ታሳልፉታላችሁ። የፕሌይሊስቱ ሊንክም የሚመጣው በዚያው ቴሌግራም፣ ከዚያው ጓደኛ፣ በዚያው ገጽ ላይ ነው። አንዱ ዘፈኑ ነው፤ ሌላው ዘፈኑ ወዳለበት የሚመራ አድራሻ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚደርሱን ዓይናችን ይሸወዳል።

ይህን አንዴ ከጨበጥን ሌሎቹን አባባሎች በየተራ መፍታት ቀላል ነው።

«ሃምሳ ዘፈን ያለበት ፕሌይሊስት ከተቀላቀልኩ ዳታዬ አለቀ»

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈራው ነው። ፕሌይሊስት መቀላቀል ብቻውን የሚያመጣው ስሞችንና ትንንሽ የሽፋን ሥዕሎችን ነው፤ አንድ ተራ ገጽ ከመክፈት ብዙም አይለይም። ዳታ የሚቆጥረው ማዳመጥ ስትጀምሩ ነው። ሒሳቡም ከባድ አይደለም። በሴኮንድ 96 ኪሎቢት በሆነ ጥራት አንድ ደቂቃ ድምፅ 0.7 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን 3 ሜጋባይት አይሞላም። በ160 ኪሎቢት ወደ 5 ሜጋባይት ይጠጋል፤ በ320 ደግሞ 10 ገደማ ይደርሳል። ሃምሳውንም ዘፈን በ96 ኪሎቢት ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትሰሟቸው 150 ሜጋባይት አይሞሉም።

«አምስት ሆነን ከሰማን የኔ ዳታ አምስት እጥፍ ይቆጥራል» የሚልም አለ። አይቆጥርም፤ ሁሉም ከየራሱ ሒሳብ ይከፍላል። ፍርሃቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ዘፈን የምንሰማው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከድምፁ ጋር ምስሉም አብሮ ይሳባል። ስልኩን ኪሳችን ከትተን ዘፈን እየሰማን ነው ስንል፣ ማንም የማያየውን ጭፈራ በዳታ እየገዛን ነው። ዳታ የጨረሰው ምስሉ ሆኖ ሳለ ስሙ የጠፋው የፕሌይሊስቱ ነው። መፍትሔው ፕሌይሊስት መሸሽ አይደለም፤ የድምፅ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ፣ የቪዲዮውንም ጥራት ወደ ዝቅተኛው ማውረድ ነው።

«እኔ ብሰርዘው የሚጠፋው ከኔ ስልክ ብቻ ነው»

ይህ ተረት ጓደኛ ያቀያይማል። አንዷ ያልወደደችውን ዘፈን ከጋራው ዝርዝር ታነሣዋለች። ለራሷ ብቻ ያነሣች ይመስላታል፤ በማግስቱ ግን አራት ሰው «ማነው ዘፈኔን ያጠፋው?» ብሎ ይነሣል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ቢሆን ልክ ነበረች፤ የራስን ፋይል መሰረዝ ሌላውን አይነካም። የጋራ ፕሌይሊስት ግን አንድ ወረቀት ነው፤ ቅጂ የለውም። ስፖቲፋይ ላይ ተባባሪ ሆኖ የገባ ሁሉ መጨመር፣ ማንሣትና ተራ መቀየር ይችላል፤ የነካው ሁሉ በሁሉም ስልክ ላይ ይለወጣል። የማትወዱት ዘፈን ከመጣ ማለፊያውን ንኩና እለፉት። ዝርዝሩ ጨርሶ የሰለቻችሁ እንደሆነ ደግሞ ራሳችሁ ውጡ እንጂ የሌላውን ምርጫ አታንሡ።

«ባለቤቱ ፕሌይሊስቱን ከሰረዘው አለቀለት» የሚሉም አሉ። ይህም ተረት ነው። ስፖቲፋይ ላይ የተሰረዘ ፕሌይሊስትን ባለቤቱ በ90 ቀናት ውስጥ በድረ ገጹ ከአካውንቱ ገብቶ መመለስ ይችላል። ተረቱ የሚኖረው የተሰረዘ ፍላሽ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ሁላችንም ስለምናውቅ ነው። እዚህ ግን የጠፋው ዘፈን አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው። ስም ደግሞ በቀላሉ ተመልሶ ይጻፋል።

«የሠርጉን ቅጂ ከስልኬ ብጨምረው ለሁሉም ይደርሳል»

የዘመድ ሠርግ ላይ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ተነሣ እንበል። በስልካችሁ ቀዳችሁት። ቅጂው ስልካችሁ ላይ ስላለ ማስተካከያውን ስትከፍቱ አፑ ውስጥ ገብቶ ይታያችኋል፤ ፕሌይሊስቱ ላይ ጨመራችሁት። ለእናንተ ይጫወታል። «ሰምታችሁታል?» ስትሉ ግን ጓደኞቻችሁ ስሙን ደብዝዞ ያዩታል እንጂ ድምፅ የላቸውም። ስፖቲፋይ ላይ ከራስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የገባ ፋይል ለሌላ ሰው አይሄድም። ዝርዝር እንጂ መያዣ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። ያ የሠርግ ቅጂ እንዲደርሳቸው ከፈለጋችሁ በቴሌግራም ፋይሉን ላኩት። ለዚህ ሥራ የድሮው መንገድ ነው ትክክለኛው።

«ዳውንሎድ ካደረግሁት የኔ ነው»

ከፍሎ የሚጠቀም ሰው «ስልኬ ላይ አውርጃቸዋለሁ፣ አሁን ሚሞሪ ላይ እገለብጣቸዋለሁ» ይላል። እውነቱ፦ አውርዳችኋል፣ ግን በአፑ ቁልፍ ተቆልፎ ነው። ከዚያ አፕ ውጭ አይከፈትም፤ በብሉቱዝ ብታሳልፉትም ለተቀባዩ ዘፈን አይሆንለትም። ስፖቲፋይ ላይ ደግሞ ያወረዳችሁት እንዳለ እንዲቆይ ቢያንስ በየ30 ቀኑ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ መግባት አለባችሁ። ክፍያው ከተቋረጠም ያለ ኢንተርኔት መስማቱ ያበቃል። ተረቱ የሚጸናው ስልኩ ላይ ቦታ ስለሚይዝ ነው፤ ቦታ የያዘ ነገር የኛ ይመስለናል። የገዛችሁት ግን የመስማት ፈቃድ ነው፤ ዘፈኑን አይደለም።

«እኔ የማየውን ዋሽንግተን ያለው ወንድሜም እንዳለ ያየዋል»

ከደብረ ወርቅ ወጥተው አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ማዶ የሚኖሩ ጓደኛሞች የጋራ ፕሌይሊስትን ከማንም በላይ ይወዱታል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን «ዝርዝሩ አንድ ከሆነ ዘፈኑም ለሁላችን አንድ ነው» ማለት ልክ አይደለም። ዘፈን የሚለቀቀው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ አገር በአገር ሊለያይ ይችላል። እዚህ የሚጫወተው እዚያ ደብዝዞ፣ እዚያ ያለው እዚህ ተሰውሮ ሊገኝ ይችላል። የመብቱ ባለቤት ዘፈኑን ካነሣውም ስሙ ቀርቶ ድምፁ ይሄዳል። ወንድማችሁ «የጨመርከው ዘፈን አይሠራም» ቢላችሁ እናንተም እሱም አልተሳሳታችሁም። ያው ዘፈን በሌላ አልበም ወይም በስብስብ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ፈልጋችሁ ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዘፈን ከአንድ በላይ ቦታ ይገኛል።

«የዘፋኙን ላብ መስረቅ ነው»

ይህን የሚል ሰው ሕሊናው ጤነኛ ነው፤ ያነጣጠረው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ኮፒ ካሴትና ኮፒ ሲዲ የኢትዮጵያን ዘፋኞች ምን ያህል እንደጎዳ ሲነገር ኖሯል። ስለዚህ «ማካፈል» የሚል ነገር በሰማን ቁጥር መስረቅ ትዝ ይለናል። የጋራ ፕሌይሊስት ግን ምንም አይገለብጥም። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን 30 ሴኮንድ ከተሰማ አንድ ጊዜ እንደተሰማ ይቆጠራል። አምስት ጓደኛሞች ያንን ዘፈን ከአንድ ዝርዝር ቢሰሙት አምስት ሆኖ ይመዘገባል። አፑ ከማስታወቂያና ከክፍያ ከሚያገኘው ገቢ የተወሰነውን ለመብት ባለቤቶች ያከፋፍላል፤ ድርሻው የሚለካውም ዘፈኑ ከሌሎች አንጻር ምን ያህል በመሰማቱ ነው።

ይህ ማለት ግን «እኛ በመስማታችን ዘፋኙ ከበረ» ማለት አይደለም፤ ይህም ሌላው ተረት ነው። ገንዘቡ በአሳታሚውና በአከፋፋዩ በኩል ሲያልፍ ይሳሳል። ስፖቲፋይ ላይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ከዚህ ክፍያ አይካፈልም። ሚሊዮን አድማጭ ላለው ዘፋኝ ይህ ምንም አይደለም፤ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች በራሱ ጥረት ላወጣት ነጠላ ዜማ ግን ያቺ ሺህ ትልቅ ጋራ ናት። ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ ደጋግማችሁ መስማታችሁ እዚህ ላይ ዋጋ አለው።

እውነተኛው ጥፋት የት እንዳለ ለማየት ሕጉን ማንበብ ይበቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፈን የማባዛትን መብት የሰጠው ለመብቱ ባለቤቶች ነው። ያለ ፈቃዳቸው ለንግድ ሚሞሪ መሙላት ከዚህ ጋር ይጋጫል፤ ዘፋኙም አንድ ሳንቲም አያገኝም። «ያለው መንገድ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው» ሲባል እንሰማለን፤ ድሮ እውነትነት ነበረው። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና የሙያ አጋሮቹ በ2011 ዓ.ም. ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ተባብረው አውታር የተባለውን የሙዚቃ አፕ ያስጀመሩት ሌላ መንገድ ለመክፈት ነበር። ኤልያስ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሰዋስውን የመሰለ ሌላ አገርኛ አፕም መጥቷል። መንገድ የለም የሚለው ዛሬ አይሠራም፤ መንገዱ ጠባብ ነው ብንል ግን እንስማማለን።

«የኛ ዘፈን እዚያ የለም፤ እሱ የፈረንጅ ነው»

ታላላቆቻችን እንዲህ ይላሉ። አንድ ጊዜ ፈልገው አጥተው ነው፤ ከዚያ በኋላ ዳግም አልፈለጉም። እውነቱ ግን ብዙው አለ፤ ያለው ግን ተበታትኖ ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት ፊደል ነው። «ጥላሁን» በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ «ይሁኔ»ም እንዲሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ብቻ ተጭኗል። በአንዱ አጻጻፍ ያጣችሁት በሌላው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የጋራ ፕሌይሊስት ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ለፍቶ ያገኘውን ሌሎቹ እንደገና መልፋት የለባቸውም።

«አሮጌ ካሴት ላይ የቀረ ዘፈን እዚያ አይደርስም» ለሚሉም የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ልንገራቸው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ቀርቶ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንና ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ያቀነባበረበትን ካሴት አወጣ። ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያገኘው ሌላ የትም ሳይሆን ባሕር ዳር ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው። ዛሬ ያ ሥራ በዓለም ሁሉ በስልክ ይሰማል፤ ኃይሉም ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ከደብረ ወርቅ በአውቶቡስ በሚደረስበት ከተማ የተገኘ አንድ ካሴት ነው ይህን ያመጣው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብም የሸክላ ዘመንን ዘፈኖች ወደዚህ ዘመን አሻግሯቸዋል። ሁሉም ካሴት እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም፤ «የለም» ከማለት በፊት ግን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ይገባል።

«በጾም መዝሙር እየሰማሁ ዘፈን ያስገባብኝ ጓደኛዬ ነው»

እንደ ደብረ ወርቅ ማርያም ያለ ታላቅ ደብር በሚገኝበት ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም የመዝሙር ዝርዝር ከፍታችሁ ሥራችሁን ትሠራላችሁ፤ ድንገት የጭፈራ ዘፈን ይለቀቃል። ሰው ወዲያው ተባባሪዎቹን ይጠረጥራል። ዝርዝሩን ከፍታችሁ እዩት፤ ዘፈኑ እዚያ ውስጥ የለም። የሆነው ይህ ነው፦ መዝሙሮቹ አልቀው አፑ በራሱ ግምት የሚመስለውን መርጦ መቀጠል ጀምሯል። ብዙዎቹ አፖች ይህን ያለ ማንም ትእዛዝ ያደርጉታል። ስፖቲፋይ ላይ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ፣ በዝርዝሩ መካከል ያልጨመራችሁትን የሚሰነቅር አጫዋወት አለ። ሁለቱም ከማስተካከያው ይጠፋሉ። ተረቱ የሚጸናው በቤታችን ያለው ፍላሽ ማንም ያልጫነውን ዘፈን ተጫውቶ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ጓደኛ ከመቆጣት በፊት ዘፈኑ ዝርዝሩ ላይ መኖሩንና ማን እንደጨመረው ማየት ነው፤ ስሙ አጠገቡ ተጽፎ ይገኛል።

«ከተቀላቀልኩ የምሰማውን ሁሉ ያዩብኛል»

ግማሽ እውነት ስለሆነ ይህ ከሁሉም ይከብዳል። በተራ የጋራ ፕሌይሊስት ሌሎች የሚያዩት የጨመራችሁትን ብቻ ነው፤ ሌሊት ብቻችሁን የምትሰሙትን አያዩም። ነገር ግን ስፖቲፋይ በ2021 እ.ኤ.አ. ያመጣው ብሌንድ የሚባል አሠራር አለ። ብሌንድ ዘፈን ጨምሩልኝ አይልም፤ የእናንተንና የጓደኞቻችሁን የማዳመጥ ታሪክ ወስዶ እስከ አሥር ሰው ድረስ ራሱ ያቀላቅላል። እዚያ ውስጥ የምትሰሙት ይወጣል። ሁለቱም «የጋራ» ስለሚባሉ ሰው የአንዱን ጠባይ ለሌላው ይሰጣል። ማስታወስ ያለባችሁ ሌላም ነገር አለ፤ የመጋበዣው ሊንክ ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ አይደለም። ትልቅ ግሩፕ ላይ ከለጠፋችሁት ያልጠበቃችሁት ሰው ገብቶ ዝርዝሩን ሊያተራምሰው ይችላል። ለየሰዉ በውስጥ መስመር ላኩት።

«ሁላችንም ካልከፈልን አይሆንም»

ይሆናል። ስፖቲፋይ ላይ በነጻው አካውንት የጋራ ፕሌይሊስት መክፈትም፣ መቀላቀልም፣ ዘፈን መጨመርም ይቻላል፤ ዩቲዩብም እንዲሁ ነው። ነጻው በማስታወቂያ ይቋረጣል፤ ስፖቲፋይ ላይ ዘፈን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መስማት ለከፋይ ብቻ ነው። አንዱን ዘፈን በአንድ ጊዜ አብሮ የሚያሰማው ጃም የተባለው አሠራርም አስጀማሪው ከፋይ እንዲሆን ይጠይቃል። ተረቱ የቆየው እኛ ዘንድ ለውጭ አገር ክፍያ የሚሆን ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ «ክፈሉ» የሚለውን ጽሑፍ ያየ ሁሉ በሩ የተዘጋበት ይመስለውና አፑን ያጠፋዋል። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነው ያለው።

«ኔትወርክ በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ከንቱ ነው»

ይህን ተረት ብሎ ማጣጣል ትክክል አይሆንም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ የጋራ ፕሌይሊስት ላለው ሰው የቀረለት ነገር ቢኖር የማይከፈት አድራሻ ነው፤ ሚሞሪ ካርድ የነበረው ግን ዘፈኑን ሰማ። ሰው ከዚያ ወዲህ «የያዝኩትን ነው የማምነው» ቢል ካየው ተነሥቶ ነው። የተሳሳተው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ፕሌይሊስት አይረባም» ሲል ነው። ኢንተርኔት ያለበት ቀን ብዙ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ በጠፋበትም ወቅት አይጠፋም። መስመሩ ሲመለስ እንዳለ ይገኛል፤ ውጭ ያለው ጓደኛም እስከዚያው እየጨመረበት ይቆያል። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም፤ አንዱ የሚሠራበት ቦታ ሌላው አይሠራም።

የመጨረሻው አባባል ከስልክ ጋር አይያያዝም። «የሁሉም የሆነ የማንም አይሆንም፤ አምስት ሰው የጨመረበት ፕሌይሊስት መጨረሻው ገበያ ነው» ይባላል። ገበያ የሚሆነው ዝርዝሩ ለምን እንደተከፈተ ካልተነጋገራችሁ ነው። «የምንወዳቸው ዘፈኖች» የሚል ዝርዝር በእርግጥ ይበታተናል፤ ማንም ማንንም «ይኼ አይገባም» ሊለው አይችልምና። «ለሠርጉ ማታ»፣ «ለቢቸና መንገድ»፣ «የማሲንቆ ብቻ» የሚል ግን ራሱን ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ሰው የዘፈን ቁጥር ወስኑ፤ ማንሣት የሚችለው የጨመረው ሰው ብቻ ይሁን ብላችሁ ተስማሙ። አፑ ይህን ሕግ አያስከብርላችሁም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ።

ስለዚህ ቀጣዩን ዝርዝር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠያየቁ፦ የምትፈልጉት ዘፈኑን ነው ወይስ ዝርዝሩን? የአያታችሁን ቀረርቶ ወይም የሠርግ ቅጂውን ለማስቀመጥ ከሆነ ፋይሉን ላኩ፤ በሁለት ሚሞሪ ላይም አኑሩት። ተራርቃችሁ ሳላችሁ ምን እየሰማችሁ እንደሆነ ለመተዋወቅ ከሆነ ፕሌይሊስት ክፈቱ፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ፣ አፑ በራሱ መርጦ የሚያጫውተውን አጥፉ፣ ሊንኩን ለምታምኑት ብቻ ስጡ። «ፕሌይሊስቱን ላክልኝ፣ ዘፈኖቹ ይግቡ» የሚል ሲመጣም አትሳቁበት፤ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ንገሩትና የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቁት።